የዓሣ ቤታችን ትሎች ከየት መጡ? እንዴትስ ጠፉ?

የሳይንስ ዓምድ
ከ8ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዓሦቼ፣ የተረፉት ማለቴ ነው፣ ደህና ናቸው።

ባለፈው በእረፍት ሰዓት በማይክ «ዓሣ ቤቴ ውስጥ ትል ገባ» ብዬ ማንበብ ስጀምር መብራት ጠፋና ግማሹ ሳይሰማ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያገኘኝ ሁሉ «እሺ፣ ትሎቹስ ምን ሆኑ?» ይለኛል። አንዳንዱማ ትሉ ከዓሣው ሆድ የወጣ መስሎት ዓሣ መብላት እንዳቆመ ነገረኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በዚህ ጽሑፍ አቀርብላችኋለሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ክረምቱ እንደወጣ ታላቅ ወንድሜ ከጎሊና ወንዝ አምስት ትናንሽ ዓሦች በነጠላ አጥምዶ በጀሪካን ይዞልኝ መጣ። ርዝመታቸው ከጣቴ አይበልጥም። ማስቀመጫ ስላልነበረን አንድ ሆቴል የጣለውን ባለ 20 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን በቢላ ቆርጠን አጠብነው። ይሄን የመሰለ የዓሣ ማኖሪያ አኳሪየም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ስሙ «የዓሣ ቤት» ነው። ከሥሩ የወንዝ ጠጠር አነጠፍን፣ ወንድሜም «ለማሳመር» ብሎ ከወንዙ የውሃ ሣር አምጥቶ ተከለበት። የገባው ውሃ 16 ሊትር ያህል ነው። ይሄን የውሃ ሣር አትርሱት፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ በስልክ ባትሪ ዓሦቼን ሳይ ጉድ አየሁ። ነጫጭ፣ እንደ ስፌት ክር የቀጠኑ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ትሎች ፕላስቲኩ ላይ ይተጣጠፋሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ አካላቸውን ጠጠር ውስጥ ቀብረው ግማሹን ያወዛውዛሉ። ሌሎቹ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ ውሃው መሀል ይዋኛሉ። ጮህኩ። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰበሰበ።

እናቴ «በቃ፣ ነገ ይደፋል! ወባ ልታራቢብን ነው እንዴ?» አለች። አያቴ ጠጋ ብለው አዩና «አንቺ ልጅ፣ አልቅት እንዳይሆን፤ ጨው ነስንሺበት» አሉ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ «በረኪና ጠብ አድርጊበት፣ ድራሹ ይጠፋል» አለኝ። ወንድሜ እየሳቀ «ኮሶ አጠጫቸው» አለ። በአንድ ማታ አራት ትእዛዝ መጣ፤ ትሉ ምን ዓይነት ትል እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። በረኪናውን አንስቼ ክዳኑን ከፍቼ ነበር፤ እናቴ «ለልብስ ነው የገዛሁት» ብላ ስለቀማችኝ ነው የተረፉት።

በማግስቱ ሦስት ትል በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዤ ለሳይንስ መምህራችን አሳየሁ። ቲቸር ማጉያ መነጽራቸውን አወጡና መልስ ሳይሆን ጥያቄ ሰጡኝ። «ጠፍጣፋ ነው ወይስ ድቡልቡል? ሰውነቱ ቀለበት ቀለበት አለው ወይስ ልሙጥ ነው? ሲሄድስ ይንሸራተታል፣ ይተጣጠፋል ወይስ ይሳባል?» በማጉያው ሳየው ሰውነቱ እንደ መሬት ትል የተከፋፈለ ነው፣ በጣም ጥቃቅን ፀጉርም አለው። ጠፍጣፋ ትሎች፣ ድቡልቡል ትሎች፣ ቀለበታማ ትሎች ብለን በክፍል የተማርነውን አስታወሳችሁ? የኔዎቹ ቀለበታማ ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ከማሳችን የሚወጣው የመሬት ትል ዘመዶች መሆናቸው ነው።

ቀጥለው «በቀን ስንት ጊዜ ታበያቸዋለሽ?» አሉኝ። እኔም በኩራት «ሦስት ጊዜ! ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ሁልጊዜም የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል እንጀራ» ብዬ መለስኩ። ቲቸር ሳቁና ወረቀት ስጪኝ ብለው አሰሉት። በቀን 3፣ በዘጠኝ ቀን 27 ቁራሽ። ጣት የማያክሉ አምስት ዓሦች 27 ቁራሽ እንጀራ የት ያስገቡታል? የበሉትን በሉ፤ የቀረው ሟሙቶ ጠጠሩ ሥር ገባና በሰበሰ። እነዚህ ነጫጭ ትሎች የሚኖሩት የበሰበሰ ነገር እየበሉ ነው። ዓሣውን አይነክሱም፣ ሰውም ውስጥ አይገቡም። ከወንዙ ጠጠርና ከሣሩ ሥር ጋር ጥቂቶቹ መጥተው ነበር፤ እኔ ቀለብ ስሰፍርላቸው በዙ።

ግን እስከዚያ ቀን ለምን አላየኋቸውም? መልሱ ኦክስጅን ነው። ጠጠር ሥር ያለው ምግብ ሲበሰብስ አበስባሾቹ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ታች አየር ሲያጥር ትሎቹ ወደ ላይ ይሸሻሉ። እኔ ያየሁት ስደታቸውን ነው። ዓሦቼም በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ ነበር፤ የራባቸው መስሎኝ ተጨማሪ እንጀራ ጣልኩላቸው! ለካ አየር አጥሯቸው ነው። የእኛ አገር ሙቀትም ያባብሰዋል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ አንድ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ግን 7.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነው የሚይዘው። ቆቦ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ ዓሣ የሚያኖር ሰው ከደገኛው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት።

እንግዲህ ቲቸር «ቀስ በቀስ አጽጂ፣ ሁሉንም በአንዴ እንዳታጥቢ» አሉኝ። እኔ ግን ቤት ስደርስ እናቴ ደግማ «ይደፋል» ስትል ሰማሁና ተቻኮልኩ። ዓሦቹን በሳህን አወጣሁ፣ ውሃውን በሙሉ ደፋሁ፣ ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ እስኪያብለጨልጭ አሸሁት፣ ከቧንቧው በቀጥታ ሞልቼ ዓሦቹን መለስኩ። እንዴት እንዳማረ! ውሃው እንደ መስታወት ጠራ፣ አንድ ትል አይታይም። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ዓሦች በጎናቸው ተንሳፈው አገኘሁ።

አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። ቲቸር አልተቆጡኝም፣ ግን ምክንያቱን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ፤ እናንተም እንዳትሳሳቱ እጽፈዋለሁ። አንደኛ፣ የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። ለእኛ ደግ ነው፣ ለዓሣ ስንጥብ ግን መርዝ ነው። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድቶ ሳይከድኑ አንድ ሙሉ ቀን ቢያሳድሩት ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። «ውሃ አጋር» የተጨመረበት ውሃም ለዓሣ አይሆንም። ሁለተኛው እኔን የገረመኝ ነው። ዓሣ እበቱን የሚጥለው እዚያው የሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ከዚያም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ጠጠሩ ላይ የሚያድሩ የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይሄን አሞኒያ ጉዳቱ ወደሚያንስ ነገር ይለውጡታል። እኔ «ያብለጨልጭ» ብዬ ሳሽ የታጠቡት እነሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ ለብ ካለ ውሃ አውጥቼ ቀዝቃዛ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ያም ያስደነግጣቸዋል። ትሎቹስ? በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ጠጠሩ ውስጥ የተረፉ ነበሩ፣ እኔም አሁንም እንጀራ እየጣልኩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ትክክለኛው ሥራ የገባሁት። ለሦስት ቀን ምንም አላበላሁም። እናቴ «ኧረ በረሃብ ልትጨርሻቸው ነው» አለችኝ፤ ጤነኛ ዓሣ ግን ጥቂት ቀን ሳይበላ መቆየት ይችላል። በአራተኛው ቀን በሁለት ጣት ቆንጠር ተደርጎ የሚያዝ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጀመርኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልተው ካልጨረሱት የቀረውን በማንኪያ አወጣለሁ። እንጀራ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ ተውኩትና ደቅቆ የተፈጨ ደረቅ ዳቦ፣ አልፎ አልፎም ትንሽ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል አደረግኩት። አስኳሉ ትንሽ ሲበዛ ውሃውን ያሸተዋል፣ ተጠንቀቁ።

ጠጠሩን የማጸዳው በቀጭን የውሃ ጎማ ነው። ሾፌሮች ቤንዚን በጎማ ሲቀዱ አይታችኋል አይደል? ያው ነው፣ ግን በአፍ አትሳቡ! ጎማውን ንጹሕ ውሃ ትሞሉታላችሁ፣ ሁለቱንም ጫፍ በጣት ትደፍናላችሁ፣ አንዱን ጫፍ ጠጠሩ ላይ፣ ሌላውን ከታች መሬት ላይ ባለ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ጣታችሁን ትለቃላችሁ። ውሃው ከላይ ወደ ታች ራሱ ይፈስሳል፤ ቆሻሻውንም፣ ትሉንም፣ የትሉንም ምግብ ይዞ ይሄዳል። በየሦስት ቀኑ 4 ሊትር አወጣለሁ፤ ከ16ቱ ሩቡ ማለት ነው። ባልዲ ውስጥ ያደረ 4 ሊትር ውሃም ቀስ አድርጌ እተካለሁ። ማታ ማታ በኩባያ ቀድቼ ከፍ አድርጌ መልሼ አንቆረቁርበታለሁ፤ አየር ይቀላቀልበታል። ፕላስቲኩንም ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አነሳሁት።

በየማታው በባትሪ ከፊት ለፊት የሚታዩኝን ትሎች ቆጥሬ በደብተሬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ማታ 43 ነበሩ። በሦስተኛው ቀን 51 ሆኑ፤ ቀለብ ሲጠፋ ፍለጋ ወጥተው ይመስለኛል፤ እዚህ ላይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። በስድስተኛው 28፣ በዘጠነኛው 11፣ በአሥራ ሁለተኛው 3። ዜሮ ግን አልሆነም፤ ቲቸርም ዜሮ እንዲሆን አትጠብቂ ብለውኛል። ጠጠር ሥር ጥቂት ትሎች መኖራቸው ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ፍርፋሪ ይለቅማሉ።

ሌላ ዓይነት ትል ቢገጥማችሁስ? ጭንቅላቱ እንደ ቀስት ጫፍ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብ ዓይን ያለው፣ ሳይተጣጠፍ ልስልስ ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ ፕላናሪያ የሚባል ጠፍጣፋ ትል ነው። እሱን በጥፍራችሁ እንዳትቆርጡት፤ ከሁለት የተቆረጠ እንደሆነ ሁለት ትል ሆኖ ያድጋል! ማጥመጃው ቀላል ነው። ትንሽ ብልቃጥ ክዳን ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስታችሁ፣ ምስር የምታክል ጥሬ ሥጋ ከታችሁ ማታ ጠጠሩ ላይ ታስተኙታላችሁ፤ ጠዋት ተሰብስበውበት ታገኛላችሁ። በፊትና በኋላ መጥበቂያ ኖሮት እየተኮማተረና እየተለጠጠ የሚሄደው ደግሞ አልቅት ነው። አያቴ የፈሩት እሱን ነው፤ ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከብት ኩሬ ሲጠጣ አፍንጫውና ጉሮሮው ላይ ሲጣበቅበት ራያ ውስጥ ያላየ እረኛ የለም። በቆንጥጦ ማውጣት ነው እንጂ ጨው መነስነስ አይሆንም፤ አልቅቱን የሚያስለቅቅ ጨው የወንዝ ዓሣንም ይጎዳል። ቀይ፣ እንደ ደም የቀላ ትል ካያችሁ ግን ደስ ይበላችሁ። እሱ እውነተኛ ትል አይደለም፣ የማትናደፍ አንዲት ትንኝ እጭ ነው። የቀላው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ዓሣ ሲያገኘው እንደ ክትፎ ነው የሚበላው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ ልምጣ። ኮሶ የሆድ ትል ለማስወጣት አያቶቻችን የሚጠጡት ነው፤ ለዓሣ ቤት አልተሠራም። በረኪና ያው ክሎሪን ነው፤ ትሉንም ዓሣውንም እኩል ይጨርሳል። ከክበባችን አንዱ ልጅ «እንዶድስ?» ብሎ ጠየቀ። ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ስንቱ ሰው በዚያ አልፏል! እሳቸው ግን «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያው አረፋ የሚያወጣው ነገር የዓሣንም ስንጥብ ያበላሻል። ስለዚህ እንዶድ ዓሣ ቤት ውስጥ አይገባም። ብርብራም እንደዚሁ ነው፤ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል፤ ድሮ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለምን ቀንድ አውጣ መግደል ፈለጉ? አሁን ያ አትርሱ ያልኳችሁ የውሃ ሣር ጋ ደረስን። ቲቸር ስለ ትሉ አስረድተውኝ ሲጨርሱ «ከወንዙ ሌላ ምን አምጥታችኋል?» አሉኝ። ሣሩን ነገርኳቸው። «ቀንድ አውጣ አለበት?» አዎ፣ ሁለት ነበሩ። እንደ ተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ሆነው የተጠመዘዙ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ግማሽ የማይበልጡ፤ እንዲያውም ስም አውጥቼላቸው ነበር። ቲቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተቀየረ። «እጅሽን ውሃው ውስጥ ታስገቢያለሽ? ወንድምሽስ ወንዝ ውስጥ እስከ ምን ገባ?» አሉኝ።

ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ትል እኔ በባትሪ ስቆጥራቸው እንደነበሩት አይደለም። ውሃ ውስጥ እያለ በዓይናችን አናየውም። በሽታው ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ በሰገራው የወጣው እንቁላል ውሃ ሲነካ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር የዚያን ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ዓይነት ፈልጎ ይገባበታል። ከሳምንታት በኋላ ከአንድ ቀንድ አውጣ ጭራቸው እንደ መንታ የተከፈለ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ትሎች መውጣት ይጀምራሉ። በብዛት የሚወጡትም ፀሐይ በደንብ ስትሞቅ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ነው። ልክ እኛ ከትምህርት ቤት ወጥተን የምንዋኝበት ሰዓት ማለት ነው! ቁስል አያስፈልጋቸውም፣ ጤነኛውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። ከቀንድ አውጣው ከወጡ በኋላ ሰው ካላገኙ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታሉ። ግን ቀንድ አውጣው ራሱ ፕላስቲኩ ውስጥ ካለ በየቀኑ አዲስ ያወጣል። ቀንድ አውጣው በሽታው ይኑርበት አይኑርበት በማየት አይታወቅም። ይሄ ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይምሰላችሁ። ከእኛ በስተሰሜን፣ ብዙዎቻችን ዘመድ ያለን ዋጃና ጥሙጋ አካባቢ ቢልሃርዚያ መኖሩ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው።

እንግዲህ እኔ ነጩን፣ ምንም የማያደርገውን ትል ፈርቼ በረኪና ሳነሳ፣ የሚያስፈራው ሣሩ ላይ ተለጥፎ ስም ወጥቶለት ነበር።

በዚያው ቀን እጃችንን በፌስታል ሸፍነን ሁለቱንም ቀንድ አውጣዎች በማንኪያ አወጣንና የፈላ ውሃ ደፋንባቸው። ሣሩንም አውጥተን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። እንቁላላቸው እንደ ጄል ሆኖ ቅጠልና ፕላስቲክ ላይ ስለሚለጠፍ ጎን ጎኑን ፈልገን ፋቅነው። ለሁለት ቀን ማንም እጁን አላስገባም። የወጣውን ውሃ ደረቅ መሬት ላይ ደፋነው እንጂ መስኖ ቦይ ውስጥ አላፈሰስነውም። አሁን አዲስ ዓሣ የምንጨምር ከሆነ ወንዝ ውስጥ አንገባም፤ ዳር ቆመን ገመድ በታሰረ ባልዲ ነው የምንቀዳው፣ ሣርም አናመጣም።

ወንድሜን በግድ ነው ወደ ሕክምና የወሰድነው። «ዓሣ ለእሷ አምጥቼ ሰገራ አስመርምሩ ትሉኛላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። ሆዱን ቁርጠት እንደሚያመው፣ አንዳንዴም ደም እንደሚያይ የተናገረው ለእናቴ ብቻ፣ ያውም መንገድ ላይ ነው። የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘበት። ከየት እንደያዘው መናገር አይቻልም። ወንዝ ይዋኛል፣ መስኖ ቦይ ውስጥ ሲሠራ ይውላል፣ ዋጃም ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ክብደቱን መዝነው ፕራዚኳንቴል ሰጡት፤ ያ በትምህርት ቤት ቁመታችን እየተለካ የሚሰጠን ትልቁ ክኒን ነው። ይመርራል፣ ትንሽም አዞረው፤ ምግብ በልቶ ስለዋጠው ግን ቶሎ ለቀቀው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አምና ያንን ክኒን ምላሴ ሥር ደብቄ ከክፍል ጀርባ ተፍቼዋለሁ። ዘንድሮ አላደርገውም።

እናቴ ስለ ወባ ያለችውስ? እሷም አልተሳሳተችም፣ ቦታውን ነው የሳተችው። ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ የወባ ትንኝ እጭ አይበረክትም፤ ይበላል። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችበት ጊዜ እዚያው አካባቢ የሚገኙ ትናንሽ ዓሦች ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ተጨምረው የትንኝ እጭ ይቀንሱ እንደሆነ ተሞክሮ ሠርቷል። እጭ ያለው ዓሣው ጋ ሳይሆን ጓሮ ያለው በርሜላችን ውስጥ ነው። ይሄን ከጻፍኩ በኋላ ሄጄ አየሁ፤ ሞልቶበታል!

ሁለት ዓይነት አሉ። ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ በጭራዋ የተንጠለጠለችው የተራ ቢምቢ እጭ ናት። ጭራዋ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ አላት። የወባ ትንኝ እጭ ግን ያ ቱቦ የላትም፣ ውሃው አናት ላይ እንደ ተኛ ክብሪት እንጨት ጋደም ትላለች። ድሮ የወባ ትንኝ የምትራባው ኩሬና ረግረግ ላይ ነው ይባል ነበር። አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች፤ በኋላም ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ አዋሽ፣ እንዲሁም እዚሁ ወሎ ባቲ ተገኝታለች። እሷ የምትወደው የሰው በርሜል፣ ታንከርና የግንባታ ውሃ ነው። ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሞቃት ቦታ ላይ ከሳምንት ብዙም አትዘገይም። ስለዚህ በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ አድርጎ ውስጡን መፈግፈግ፣ ሲሞላም ትንኝ በማታልፍበት ጨርቅ አፉን አጥብቆ ማሰር ነው። ለእናቴ «ዓሣ እንጨምርበት?» ብላት «የምጠጣው ውሃ ውስጥ ዓሣ አልጨምርም» አለችኝ። ልክ ነች፤ በጨርቅ አሰርነው።

ከበርሜሉ የቀዳኋቸውን እጮች አልደፋኋቸውም። በሻይ ማጥለያ አጥልዬ ለሦስቱ ዓሦቼ ሰጠኋቸው። ሃያ ያህል ነበሩ፤ አንድ ደቂቃ አልቆዩም።

ዓሦቹ ከሰኞ ጀምሮ በሳይንስ ክፍል መስኮት ሥር ናቸው። ማጉያ መነጽሩ በክር ታስሮ አጠገባቸው ተንጠልጥሏል። የማብላት ተራው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር ብቻ። ከትላንት ወዲያ ስቆጥር ትሎቹ 4 ነበሩ፣ ዛሬ ጠዋት 9 ሆነዋል። የ7ኛ «ለ» ልጆች፣ እንጀራ የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?